40 ኩንታል በቆሎ ያመረተ ሰው በሐምሌ ለምን በቆሎ ይገዛል?

ጠያቂ፦ ደብተር ያዥ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላልና ታገሱኝ።

አዲስ አበባ በአንድ የመኪና መለዋወጫ መደብር ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ቡሬ ዙሪያ ገበሬ ነው፤ ሚስቱን፣ አራት ልጆቹንና እናታችንን ይዞ ሰባት ነፍስ ያስተዳድራል። በ2013 ክረምት አገር ቤት ገብቼ ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ሳለ «ይኼን ሁሉ እያመረትህ የት ነው የሚገባው?» ብዬ ጠየቅሁት። «እኔ እንጃ፣ እንደ ጉም ነው የሚተነው» አለኝ። ሒሳብ ሠራተኛ እንዲህ ያለ መልስ አይወድም። በማግስቱ አንድ ባለ 50 ቅጠል ደብተር ገዝቼ ለሰባተኛ ክፍሏ ልጁ ሰጠኋት። ከጎተራው የሚወጣውን ሁሉ፣ ቀኑንና ምክንያቱን እየጻፈች እሑድ እሑድ በስልክ ታነብልኝ ጀመር። ከእኔ የባሰች ሒሳብ ሠራተኛ ነው የወጣት፤ አንድ ቁና እንኳ አታልፍም።

መሬቱ የራሱ 3 ቃዳ ነው (ለማታውቁት፣ ቃዳ የሄክታር ሩብ ነው)። ከአባታችን ያገኘው ነው፤ በ1989ኙ የመሬት ሽግሽግ ጊዜ የ15 ዓመት ልጅ ስለነበር በስሙ የደረሰው የለም፣ ከዚያ ወዲህም የተከፋፈለ መሬት የለም። በዚህ ላይ ጉልበት ከሌላቸው አንዲት ባልቴት 2 ቃዳ የእኩል ይዟል። በ2014 ከራሱ 2 ቃዳ 28 ኩንታል፣ ከእኩሉ ድርሻው 12፣ በድምሩ 40 ኩንታል በቆሎ አስገባ። በቀረችው ቃዳ የነበረው በርበሬ በበሽታ ወደቀ፤ እሱን እንተወው።

አሁን የደብተሩን ስሙ። የበቆሎ ዋጋ በጥር ኩንታሉ 1,500 ብር ነበር። ለ2013ቱ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ዕዳ 6 ኩንታል ተሸጠ። ለግብርና ለመዋጮ 1። ቡሬ ከተማ ተከራይታ ለምትማረው ትልቋ ልጅ 2። ለልብስ፣ ለጨው፣ ለመድኃኒትና ለዘይት 3 (ዘይቱ ብቻውን አንዱን ኩንታል ጨረሰ፣ ያ ዓመት የዘይት ዓመት ነበር)። ለአጫጅና ለወቂ በዓይነት 2። ለአማቱ ተዝካር 2። ነቀዝ የበላው፣ ልጅቷ ገምታ እንደጻፈችው፣ 3። ከዚያ ትልቁ መጣ። በ2013 ማዳበሪያ በዱቤ ነበር፤ በ2014 ግን ዱቤ የለም፣ እጅ በእጅ ነው ተባለ። ዋጋው ደግሞ ዘሎ ሄዷል። ለዚያችው መሬት 4 ኩንታል ማዳበሪያ ለመግዛት በሚያዝያ 10 ኩንታል በቆሎ ወጣ። በ2013 ለዚያው ለ4 ኩንታል ማዳበሪያ 5 ኩንታል በቆሎ ይበቃ ነበር።

ተደምሮ 29። ለሰባት ነፍስ የቀረው 11 ኩንታል ነው። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ልጅቷ ደውላ «አጎቴ፣ ጎተራው ተጠረገ» አለችኝ። ወንድሜ እኔ በላክሁለት ብር 3 ኩንታል በቆሎ በ2,600 ሒሳብ ገዛ። በጥር ሦስት ኩንታል በ4,500 ብር የሸጠ ሰው ያንኑ ሦስት ኩንታል በ7,800 መልሶ ገዛ ማለት ነው።

ከ2015 ነሐሴ ወዲህ መንገዱም ስልኩም እየተቆራረጠ ሙሉ ሒሳብ የለኝም። አሁን ዋጋው በእጥፍ በእጥፍ ሄዷል፤ ወንድሜ ግን «ቁጥሩ ነው እንጂ የተለወጠው ነገሩ ያው ነው» ይለኛል።

ድህነት በዚህን ያህል በመቶ ቀነሰ ሲባል እሰማለሁ። ወንድሜ ድሃ ነው ወይስ አይደለም? መጠጥ አይቀምስም፣ ምርጥ ዘር ይዘራል፣ ዝናብም አልጎደለበትም። የቱ ላይ ነው የተሳሳተው?


መልስ፦ ጎመን በጤና

ወንድምዓለም፣ ይኼ ምን ያስጠይቃል? ሕዝባችን ቁጠባ አያውቅም። ጥር ሲመጣ ሠርግ፣ የካቲት ሲገባ ተዝካር፣ ወር በገባ ማኅበር። ድግሱን ይተው፣ ጎተራው ይሞላል። ሌላው ሁሉ ሰበብ ነው።


ደብተር ያዥ

ደብተሩን አንብበኸዋል? ድግስ የተባለው 2 ኩንታል ነው፣ ያውም የአማቱ ተዝካር። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በአንድ ዓመት 16 ኩንታል በልተዋል፤ ያለፈውን በዕዳ፣ የሚመጣውን በቅድሚያ። መጀመሪያ ከማዳበሪያው ያስታርቁን፣ ስለ ተዝካሩ ከዚያ እንነጋገራለን።


መልስ፦ የበረንዳው

አንተ ልጅ፣ ደብተር መያዝህን ወድጄዋለሁ። እኔ መርካቶ እህል በረንዳ ከ1983 እስከ 2010 ሠርቻለሁ። አሁን ልጆቼ ይጦሩኛል፣ ስልክ ስነካካ እውላለሁ። የአባትህን በቆሎ ሳልገዛው አልቀረሁም።

ሰው ሁሉ ነጋዴውን ይረግማል። በ1,500 ገዝቶ በ2,600 ሸጠ፣ 1,100 ዋጠ ይባላል። አልዋጠም አልልም። ግን እስቲ ቁጠር፤ ጆንያው፣ ሰብሳቢው፣ ደላላው፣ ጫኝና አውራጁ፣ የመጋዘን ኪራዩ፣ የነቀዝ መድኃኒቱ፣ ተበጥሮ የሚወድቀው። ከቡሬ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በየኬላው የሚራገፈው ግን በኪሎ ሜትር አይለካም።

ደግሞ ልብ በል። እኔ በ27 ዓመት ውስጥ እህል ከጥር እስከ ነሐሴ ያቆየሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ለምን ብትለኝ፣ አንደኛ ገንዘብ አልነበረኝም። ባንክ ሄደህ «መጋዘኔ ውስጥ 300 ኩንታል አለ፣ በእሱ አበድሩኝ» ብትል ይስቁብህ ነበር፤ ካርታ ያለው ቤት አምጣ ነበር የሚሉህ። ሁለተኛ፣ በእኛ አገር እህል ማቆየትና እህል መደበቅ አንድ ናቸው። ዋጋ ሲወደድ መጀመሪያ የሚታሸገው መጋዘን ነው። ጎረቤቴ አንድ ክረምት ታሽጎበት ሲከፈትለት ግማሹ በስብሶ ነበር፤ ለማን አቤት ይላል? ስለዚህ እኛም ሰኞ ገዝተን ቅዳሜ እንሸጣለን። ገበሬው አያቆይ፣ ነጋዴው አያቆይ፣ ታዲያ የነሐሴን እህል ማን ያቆየው? የሚያቆየው ማንም የማይነካው ጥቂት ሰው ነው፣ እሱ ደግሞ በነሐሴ ያሻውን ይጠራል።

ወንድምህ የተሳሳተው አብዝቶ ባለማምረቱ እንዳይመስልህ። በ1994 ምን እንደሆነ አባትህ ቢኖር ይነግርህ ነበር። ሁለት ዓመት በተከታታይ ዝናቡም ማዳበሪያውም ሰመረ። በቆሎ ወርዶ ወርዶ በአንዳንድ ገበያ ኩንታሉ 20ና 30 ብር ገባ። እኔ ራሴ ነቀምቴ ድረስ ሄጄ ሳልጭን ተመልሻለሁ፤ የመኪናው ኪራይ ከእህሉ በለጠብኝ። በቆሎው ማሳው ላይ እንደቆመ የተዉት ገበሬዎች ነበሩ። የማዳበሪያ ዕዳ ግን ከበቆሎ ጋር አብሮ አልወረደም። በሬውን ሸጦ የከፈለ ብዙ ነው። በሚቀጥለው ክረምት ማዳበሪያ የሚገዛ ሰው ጠፋ፣ ዝናቡም ዘገየ፣ በ1995 ከ12 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው የዕርዳታ እህል ጠበቀ። አስበው፤ በቆሎ ረክሶ ተጥሎ ባየሁ በዓመቱ ነው መርካቶ ላይ በቆሎ ያጣሁት።


መልስ፦ ቤት ለቤት

ጋሼ በረንዳ ያሉትን አንብቤ ነው የምጽፈው፤ እግዜር ይስጥልኝ።

ወንድሜ ደብተር ያዥ፣ እኔ በ2008ቱ የቤተሰብ ፍጆታና ወጪ ጥናት መረጃ ሰብሳቢ ነበርኩ። ቦት ጫማና ቅጽ ይዤ ዓመት ሙሉ የሰው ቤት አንኳኩቻለሁ። «ድሃ ነው ወይስ አይደለም» ያልከውን በእኛ ሚዛን ልመልስልህ።

ድህነት የሚለካው ቤቱ ባመረተው ወይም ባገኘው ብር ሳይሆን በሚፈጀው ነው። አንድ አዋቂ በቀን 2,200 ኪሎ ካሎሪ የሚሰጠው ተራ ምግብ ዋጋው ይሰላል፤ ለልብስ፣ ለቤትና ለመሳሰለው ይታከልበታል። ያ ነው የድህነት መስመር። በ1988 ለአንድ አዋቂ በዓመት 1,075 ብር ነበር፣ በ2003 3,781፣ በ2008 7,184። የመጨረሻው በቀን ሲካፈል 20 ብር አይሞላም። ከዚህ በታች የሚኖረው ሕዝብ በ1988 45.5 በመቶ ነበር፣ በ1997 38.7፣ በ2003 29.6፣ በ2008 23.5። የገጠሩ ለብቻው 25.6፣ የከተማው 14.8።

ቁጥሩ ውሸት ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልልም፣ በእጄ የሞላሁት ቅጽ አለበት። መንገድ በገባበት፣ ለከተማ በቀረበበት ቀበሌ ሳር ቤቱ ቆርቆሮ ሲሆን አይቻለሁ። ማዳበሪያ በአቅም ሲገኝ፣ ዝናብ ሲስተካከል፣ የእህል ዋጋ ደህና ሲሆን የሚሸጥ ትርፍ ያለው ገበሬ እውነትም ተነሥቷል። የሚገዛው ግን በዚያው ዋጋ ተጎዳ። የወንድምህ ነገር አስቸጋሪው እዚህ ጋ ነው፤ በጥር ሻጭ ነው፣ በሐምሌ ገዢ። ዋጋ ሲረክስ ሻጭ ሆኖ ይጎዳል፣ ሲወደድ ገዢ ሆኖ ይጎዳል።

ሒሳብ ሠራተኛ ነህና እናስላው። ሕፃን እንደ አዋቂ ስለማይቆጠር ሰባቱ ነፍስ 5 ተኩል አዋቂ ይሆናሉ እንበል። በ7,184 ሲባዛ 39,512 ብር። 40 ኩንታሉ በ1,500 60,000 ነው። አለፈ! አትደሰት፣ መስመሩ የ2008 ነው፤ ከዚያ እስከ 2014 የምግብ ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። እጥፍ ብቻ እንኳ ብናደርገው 79,024 ነው። እንግዲህ ወንድምህ 40ውንም ኩንታል አንዲት ፍሬ ሳይሸጥ ቢበላ፣ ነቀዝም ባይነካበት፣ ከመስመሩ በታች ነው። ዶሮውንና አንተ የምትልከውን ብንጨምር ይጠጋ ይሆናል።

ሌላው፣ መስመሩ የሚመለከተው የዓመቱን ድምር ነው፣ ሆድ ደግሞ ዓመት አይጠብቅም። በጥር የገባሁበት ቤት ጠላ ቀድተው ካልጠጣሽ ይሉኛል። በነሐሴ አንዲት እናት ላይ ቅጼን ዘርግቼ «ቁርስ? ምሳ? ራት?» ስል «አንዱን ነው የበላነው፤ የትኛው ብለሽ ትጽፊዋለሽ?» ብለው ሳቁ። ከልጆቻቸው የሳቀ አልነበረም፤ እኔም የሳቅሁት አፍሬ ነው። በቅጹ ላይ «ራት» ብዬ ሞላሁት።

ከ1997 ጀምሮ ሴፍቲኔት የሚባል፣ ለሚራብ ቤት እህል ወይም ብር የሚሰጥ ፕሮግራም አለ፣ ለብዙ ቤት እነዚያን ወሮች አሻግሯል። እንደ ቡሬ ያለው ወረዳ ግን «ትርፍ አምራች» ስለሚባል አይገባበትም።


መልስ፦ የወሎዋ ከጅዳ

እኔ ኢኮኖሚ አላውቅም። የማውቀው ከቤት ስልክ የሚደወልበትን ወር ነው።

ዘጠኝ ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ስልኩ የሚጮኸው በሐምሌና በነሐሴ ነበር። «ልጄ፣ ማሽላው አለቀ።» እልካለሁ፣ አባዬ በውድ ይገዛል፣ ኅዳር ላይ ያጭዳል፣ ጥር ላይ ለዕዳና ለማዳበሪያ በርካሽ ይሸጣል፣ ሐምሌ ላይ ይደውላል። አንድ ቀን ማዳሜ ተኝታ ልብስ ስተኩስ ነገሩ ገባኝ። ለምን በታኅሣሥ አልልክም? በሐምሌ የምልከውን ብር እዚያ ወር ላይ አደረግሁት። አባዬ መጀመሪያ «ምነው፣ ማን ሞተ?» ብሎ ደነገጠ። ዕዳውን በእሱ ከፈለ፣ ማሽላውን አልነካም። ያን ዓመት በሐምሌ ስልኩ አልጮኸም። እንዲያውም ሦስት ኩንታል ሸጦ ወጠጤ ገዛ።

በሁለተኛው ዓመት ግን ነቀዝ ጉድ ሠራን። ድሮ በጥር ስለሚሸጥ ነቀዝ የሚያገኘው ትንሽ ነበር፤ አሁን ጎተራ ሙሉ ጠበቀው። ከዚያ ያጎቴ ልጅ ፒክስ የሚሉትን ከረጢት ነገረን። ውስጡ ሁለት የተደራረበ ላስቲክ ያለው ነው፤ እህሉን በደንብ አድርቀህ፣ አየሩን አስወጥተህ አንድ በአንድ ታስረዋለህ፣ ነቀዙ ታፍኖ ይሞታል። መድኃኒት አያስፈልገውም። ሳይደርቅ ከገባ ግን ይሻግታል፣ አይጥም ከቀደደው አበቃ።

የብሩንም ነገር ላንሣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ይወሰን ተብሎ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዓመቱ ከ130 አለፈ። የእኔም ሪያል በባንክ ሲመነዘር ከእጥፍ በላይ ሆነ። አባዬ «ልጄ፣ ደሞዝ ጨመሩልሽ?» አለኝ። እኔም ጨመሩልኝ ብዬ ዝም ልል አማረኝ። ዘይትና ማዳበሪያ ሲገዛ ራሱ አወቀው። ልጅ ውጭ አገር የሌለው ጎረቤታችንስ ምን ይላል? እሱ ያገኘው ውዱን ዘይት ብቻ ነው።

ወንድሜ፣ ለእሱም በጥር ላክለት።


ደብተር ያዥ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ጋሼ በረንዳ፣ አባቴን ስላነሡልኝ በተለይ አመሰግናለሁ፤ በ1994 የሸጥነው በሬ ስሙ «ዳማ» ነበር። እኔ ልጅ ነበርኩ፣ ለምን እንደተሸጠ ዛሬ ነው የገባኝ።

ትናንት የስልክ መስመሩ ሠርቶልኝ ከወንድሜ ጋር 20 ደቂቃ አወራን። አጨዳ ላይ ናቸው። የጅዳዋን እህታችንን ሐሳብ ነገርኩት፤ በሐምሌ የምልከውን በታኅሣሥ ልላክ፣ አንተ 10 ኩንታል አትንካ አልኩት። ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር። ዝም አለ። ከዚያ «ጎተራዬ በነሐሴ ሙሉ ከሆነ ጎረቤት ይመጣል» አለኝ።

«ይምጣ፣ ምን ችግር አለው?»

«ካለኝ እሰጣለሁ። ካቻምና ትንሽ ተርፎኝ ሳለ ለታችኛው ቤት 2 ኩንታል ሰጠሁ። በኅዳር መለሱልኝ።»

«ስንት?»

«2 ኩንታል ነዋ።»

ሒሳብ ሠራተኛነቴ ተነሣብኝ። በነሐሴ የሰጠኸው ኩንታልና በኅዳር የተመለሰልህ ኩንታል አንድ አይደለም፣ ግማሹን ያህል ከስረሃል፣ ቢያንስ 3 አምጡ ማለት ነበረብህ እያልኩ አስረዳው ጀመር። አስጨረሰኝና «አንተ ቡሬ ተከራይተህ ስትማር ስንቅህ በነሐሴ ከማን ጎተራ እንደወጣ ታውቃለህ?» አለኝ። አላውቅም ነበር። የታችኛው ቤት ነው። «አባታችን በኅዳር ስንት የመለሰላቸው ይመስልሃል?» ብሎ ሳቀብኝ።

ጎመን በጤና፣ ይኼን ቁጠባ ማነስ በለው ሌላ፣ እኔ ደብተሩ ላይ «ውሰት» የሚል አዲስ ዓምድ አሰመርኩ። ልጅቷ አሁን አሥራ አንደኛ ክፍል ነች፣ «አጎቴ፣ ይኼ ወጪ ነው ገቢ?» ብላ ጠየቀችኝ። መሐል ላይ አድርጊው አልኳት።

በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው። ታኅሣሥ ላይ እልካለሁ። 12 ኩንታል ያቆያል፤ 10 ለቤቱ፣ 2 ለሚመጣው ሰው። ከዕዳውና ከማዳበሪያው የሚተርፍ ካለ እናያለን፤ የዘንድሮን የማዳበሪያ ዋጋ ገና አልነገሩንም።

አሁን የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም ገበያ ላይ ፒክስ ከረጢት ባለ 100 ኪሎው ስንት እንደሚሸጥ የምታውቁ ጻፉልኝ። 12 ያስፈልገኛል፤ አይጥ አለና 13 ይሁን።


መልስ፦ የበረንዳው

15 ግዛ። ከመግዛትህ በፊት ደግሞ እያንዳንዱን ንፋበት፤ አየር የሚያስተነፍስ ይሸጣሉ። ላስቲኩን ነፍተህ ጆሮህ ላይ አድርገው፣ ካፏጨ መልስለት።